የጥምጥሙን ጫፍ ያዢልኝ

ትምህርቴ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ያስተማረችኝ መርፌ ናት። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ስፌቱ ጎልቶ ቢታያችሁ ታገሡኝ። ነገሩን ለሰው አውርቼው አላውቅም፤ ሰው ፊት ማውራት አይሆንልኝም። ወረቀት ግን ትክ ብሎ አያየኝም።

የሆነው ከአራት ዓመት በፊት፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የደርግ ጊዜ ጦርነት ቀያችን ድረስ ወርዶ ከእናቴ ጋር ከመተማ ቆላ ከተሰደድን ሁለተኛው ክረምት አልፏል። ከከተማው ዳር፣ ሰሊጥ ከሚራገፍበት ሜዳ ማዶ፣ በሣር ጎጆ እንኖራለን። እናቴ ከጎጆዋ ደጅ አትርቅም። እኔ እትዬ ዘይነብ ዘንድ ቆብ እሰፋለሁ።

እትዬ ዘይነብ የጎንደር አዲስ ዓለም ልጅ ናቸው። ገና በወጣትነታቸው ከነጋዴ ባላቸው ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ፣ አፋቸው ፈጣን፣ እጃቸው ለጋስ ሴት። ሱቃቸው ውስጥ ያለው ሁሉ ራስ ላይ የሚወጣ ነው፦ ሱዳኖች ጣቂያ የሚሉት ነጭ ቆብ፣ በቆቡ ላይ የሚጠመጠመው ዒማ፣ ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚከናነቡት ቶብ። «የዚህን አገር አናት የማለብሰው እኔ ነኝ» ይሉ ነበር።

ያኔ በጣም ዓይነ አፋር ነበርኩ። አሁንም ነኝ፤ የያኔው ግን ሌላ ነበር። ሰው ሲያናግረኝ የማየው እግሩን ነው። ሥራዬ ደግሞ ራስ ማየት ግድ ይለኛል። ስለዚህ ከእግር ተነሥቼ ዘልዬ አናት ላይ እወጣለሁ፤ መሀሉን አላየውም።

«ስንዱ» ይሉኛል እትዬ ዘይነብ እየሳቁ፣ «የዚህ አገር ሰው ላንቺ ፊት አልተፈጠረለትም?»

ያለ ፊትም ቢሆን አገሩን እየለመድኩት ነበር። ዒማው ወፍራም ሆኖ በእጥፉ ውስጥ የሰሊጥ ገለባ ካለ፣ ገበሬ ነው። ስስና እንደ ወረቀት የተተኮሰ ከሆነ ነጋዴ ነው። ጫፉን በአፉና በአፍንጫው ላይ አዙሮ ከመጣ፣ ሎሪ ላይ ሆኖ አቧራ ሲበላ የዋለ መንገደኛ ነው። ከምዕራብ የመጡት ሐውሳዎች ቆባቸው ረዘም ይላል፤ በቀለም ክር የተጠለፈ ነው። ከከሰላ በኩል ግመል ነድተው የሚመጡት ሐደንደዋዎች ደግሞ ከእኛ ሱቅ ምንም አይፈልጉም፤ ጎፈሬያቸውና ጎፈሬው ላይ የሰኩት የእንጨት ሚዶ ይበቃቸዋል። ወታደር ቆቡን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። እሱን ሳይ የመኖሪያ ወረቀት የለኝምና ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ዒማ ጉድጓድ ላይ ገመድ ሲሆን አይቻለሁ። ሎሪ ላይ ትራስ፣ ለበሽተኛ ማዘያ፣ ለመንገደኛ ስንቅ መቋጠሪያ ሲሆን አይቻለሁ። ሁሉንም አውቄ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

ደግሞም እኔ በጥምጥም ሥር ያደግሁ ነኝ። አባቴ ቄስ ነበሩ። በየማለዳው «ስንዱ፣ ነይ የጥምጥሙን ጫፍ ያዢልኝ» ይሉኛል። እኔ በሩ ጋ ጫፉን ይዤ እቆማለሁ፤ እሳቸው ከጓዳው ግድግዳ አጠገብ ሆነው ይጠመጥማሉ። ጨርቁ ባጠረ ቁጥር አንድ አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው እሄዳለሁ። ሲያልቅ ጉልበታቸው ሥር ነኝ። ያን ጊዜ ጎንበስ ብለው ጫፉን ከእጄ ይወስዱና እጄን ይስሙኛል። ለእኔ የጥምጥም ልክ ያ ነው፤ ከበር እስከ ጓዳ።

በአገራችን ሌላም ጥምጥም ነበር። ልጅ አልቅሶ እምቢ ሲል «ዝም በል፣ ድርቡሽ መጣ!» ይባላል። ከአያቶቻችን ዘመን ጦርነት የቀረ ማስፈራሪያ ነው። ድርቡሽ ያየ ልጅ አልነበረም፤ ትልቅ ጥምጥም እንዳለው ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እንዲህ ነበር ያደግሁት፦ አንዱ ጥምጥም እጄን ይስመኛል፣ ሌላው ሳለቅስ ይመጣብኛል።

ስንሰደድ ጓንግ ሞልቶ ነበር። አባቴ እናቴን አዝለው አሻገሩና ተመልሰው ከወንዙ መሀል ካለ ድንጋይ ላይ ቆሙ። ጥምጥማቸውን ፈትተው አንዱን ጫፍ ወረወሩልኝ። እሱን ይዤ በአጠገባቸው አልፌ ማዶ ወጣሁ። «በይ እንግዲህ ጫፉን ያዢልኝ፤ መጣሁ» አሉ። ያዝኩ። ከላይ ውኃ ሲመጣ ድምፁን ሰማነው። አጥብቄ ይዤ ነበር። ከዚያ ጨርቁ በእጄ ላይ ቀለለኝ።

ሬሳቸውን አላገኘንም። እናቴ እርሟን ሳታወጣ ጥምጥሙን አጥባ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። «ያላየሁትን ሰው እንዴት ብዬ እቀብራለሁ?» ትል ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ሐሙስ ቀን ነው። እትዬ ዘይነብ ዕቃ ሊያመጡ ከሰላ ሄደው እኔ ብቻዬን ሱቁን እጠብቃለሁ። መርኩብ የሚሉትን የቆዳ ጫማ ያደረገ፣ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ እግር ደጃፉ ላይ ቆመ። ዘልዬ ወደ ላይ ወጣሁ። ዒማው ወፍራም፣ አሮጌ፣ ነጭነቱ ወደ እርጎ ቀለም ያደላ ነው።

«ሰላም ዐለይኩም፣ ያ ቢቲ።» ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔ ኢድሪስ ነኝ፤ ከመፋዛ። ዘይነብ የለችም?»

«ነገ ነው የሚመጡት» አልኩ ለእግራቸው።

«ዒማዬን የእሾህ አጥር ያዘብኝ። ጫፉ ተቀደደ። ለዘይነብ ስጫት፤ እንዴት እንደሚደረግ እሷ ታውቃለች። ነገ ከጁምዓ በኋላ መጥቼ እወስደዋለሁ። ሎሪዬ ከቀትር በኋላ፣ በዐስር ሶላት ይነሣል፤ ሩቅ ነው የምሄደው።» በሁለት ቃል መሀል ትንፋሽ ይፈልጉ ነበር። ዒማውን ፈትተው ባንኮኒው ላይ አኖሩና በቆባቸው ብቻ ሆነው ሄዱ።

ለዘይነብ ስጫት ብለውኛል። ሰምቻለሁ። ግን ሱቁ ጭር ብሏል፤ ከውጭ የሰሊጥ ሽታ ይገባል፤ ቀትሩ እንደ ሕልም ነው። ጨርቁን ስዘረጋው አያልቅም። አንዱን ጫፍ በሩ ላይ አስይዤ እስከ ጓዳው ግድግዳ ወሰድኩት። የአባቴ ልክ እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚያ የተረፈው ሦስት ክንድ ያህል ይሆናል፤ ቀዳዳውም ያለው በዚያ በትርፉ ላይ ነው።

አሰብኩ። ጥምጥም የማላውቅ ብሆን ኖሮ እተወው ነበር። ማወቄ ነው የጎዳኝ። የተቀደደውን ጨርቅ ይዘው መዞራቸው ለምንድን ነው? ቆርጬ፣ ጫፉን አሳምሬ ዘምዝሜ፣ ከትርፉ ደግሞ አዲስ ቆብ ሰፍቼ ብሰጣቸው ይደሰታሉ። እትዬ ዘይነብም «የታባትሽ ባለሙያ!» ብለው ያሞግሱኛል።

መቀሱን አነሣሁ። አሮጌ ጨርቅ ሲቆረጥ ድምፅ የለውም፤ ትንፋሽ ይመስላል።

ማምሻውን ትርፉን በክብ በክብ ቆርጬ ቆቡን ሰፋሁ። እንደዚያ ያማረ ቆብ ሰፍቼ አላውቅም።

በማግስቱ እትዬ ዘይነብ የከሰላውን አቧራ ገና ሳያራግፉ አባ ኢድሪስ ከጁምዓ መጡ። ዒማውን አጣጥፌ፣ አዲሱን ቆብ ላዩ ላይ አድርጌ፣ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። መርኩባቸውን እያየሁ ምርቃቴን ጠበቅሁ።

መጠምጠም ጀመሩ። አንድ ዙር። ሁለት። ሦስተኛው ላይ እጃቸው ቆመ። ፈቱት። ከአፍንጫቸው እስከ ጣታቸው ዘርግተው ለኩት፤ ደግመው ለኩት።

«ቀሪው የት አለ፣ ያ ቢቲ?»

ወደ ቆቡ አመለከትኩ። «የተቀደደውን ቆረጥኩት። ትርፍ ነው ብዬ...»

«ያ ሳትር!» ብለው ሸፋኙን አምላክ ጠሩ እትዬ ዘይነብ፤ እጃቸው አፋቸው ላይ ሄደ።

አባ ኢድሪስ ከሱቁ ደጃፍ ያለው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ በጀርባቸው ተኙ። እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። በቀትር፣ ሰው በሚተላለፍበት ገበያ መሀል! አላፊ አግዳሚው ቆመ። «ዘይነብ፣ አልብሺኝ» አሉ።

እትዬ ዘይነብ ዒማውን በሁለት አጥፈው ከአናታቸው በላይ ጀምረው ዘረጉላቸው። ደረታቸውን ሸፈነ። ሆዳቸውን ሸፈነ። ከጉልበታቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ አለቀ። እግራቸው ውጭ ቀረ። ከሰውነታቸው ሁሉ እኔ የማውቀው ያ የተሰነጣጠቀ እግር ብቻ ፀሐይ ላይ ቀረ።

«አየሽ?» አሉኝ እትዬ ዘይነብ በአማርኛ። «ቆብ መሰለሽ? ሰውየው ከፈኑን፣ መገነዣውን ነው ራሱ ላይ ጠምጥሞ የሚዞረው። መንገድ ላይ ቢሞት ያገኘው ሰው ፈትቶ ይገንዘው ብሎ! የዒማ ልክ የባለቤቱ ቁመት ነው። ለዘይነብ ስጫት አለሽ እንጂ ቁረጫት አለሽ? እኔ መርፌ ሳላስነካው ክሩን በእጄ ቋጥሬ ነበር የምሠራው!»

«እሰፋዋለሁ» አልኩ። «መልሼ እሰፋዋለሁ፣ ስፌቱ አይታይም...»

«ከፈን አይሰፋም፣ ልጄ» አሉ አባ ኢድሪስ ከምድር ላይ ሆነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ያለኝ ሙያ አንድ ነው፤ እሱም እዚህ አይሠራም።

እትዬ ዘይነብ ወደ መደርደሪያው ሄዱ። «ከዚህ ሁሉ ያሻዎትን ይውሰዱ። ሐላል ነው፤ የእኔ ስጦታ።»

አባ ኢድሪስ ቀስ ብለው ተነሥተው ጀላቢያቸውን አራገፉ። «ይህን ዒማ አባቴ መካ ይዞት ሄዶ በዘምዘም ውኃ ያጠበው ነው። አርባ ዓመት ሶላቴን ሰምቷል። አዲስ ጨርቅ አያውቀኝም፣ ዘይነብ። ታላቅ ወንድሜ ኩርዱፋን ላይ ታሟል አሉኝ። የኔም ልብ እንደምታዪው ነው። ከሁለት አንዳችን ሳንገናኝ እንቀር ይሆናል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ማዓሌሽ፣ ግድ የለም፣ ያ ቢቲ። እግሬን አሸዋው ይሸፍነው።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሎሪው ገበያው ዳር ቆሞ ጆንያ ይጫናል። እሳቸው ሲሄዱ፣ እግራቸው ውጭ እንደቀረ ሲሄዱ ታየኝ። በዚያ ሰዓት ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። መርፌዬን ጣልኩና ሮጥኩ። በዚያ ገበያ ሮጬ አላውቅም፤ ሰው እንዳያየኝ ግድግዳ ለግድግዳ ነበር የምሄደው። ያን ቀን በመሀል ሮጥኩ።

እናቴ ከጎጆው ጥላ ሥር ተቀምጣ ሰሊጥ ታነፍሳለች። «ምነው? ወታደር መጣ?»

«አልመጣም።» የሆነውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። የአባቴን ጥምጥም እንደምፈልግም ነገርኳት። ሰፌዱን አላቆመችም።

«የአባትሽን ጥምጥም? ለእስላም መገነዣ?»

«አዎ።»

«ጫፉ ላይ መስቀል አለበት። በጄ የጠለፍኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ ምን ቀረን ከሱ? እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ቀረን?»

ሰሊጡ ሰፌዱ ላይ ሽው ሽው ይላል። ከሩቅ የሎሪ ጡሩምባ ተሰማ።

«ሰውየው መቆረጡን ሲያይ ተቆጣሽ?» አለች በመጨረሻ።

«አልተቆጡም። ማዓሌሽ ነው ያሉኝ።»

«አልተሳደበም?»

«አልተሳደቡም። እግሬን አሸዋው ይሸፍነው አሉ።»

ሰፌዱን አስቀመጠች። «ቢቆጣ ኖሮ አልሰጥሽም ነበር» አለች። ሳጥኑን ከፈተች። ጥምጥሙን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ እጄ ላይ አኖረችውና «ሩጪ» አለችኝ።

ስደርስ ሾፌሩ ሞተር አስነሥቷል። «ያላ፣ ያ ሐጅ! ፀሐይዋ አንተን አትጠብቅም!» እያለ ይጮኻል። አባ ኢድሪስ አንድ እግራቸውን የሎሪው መወጣጫ ላይ አድርገዋል። እትዬ ዘይነብ እኔ የዘመዘምኩትን ጠርዝ ፈትተው ጨርሰው አጭሩን ዒማ ለእሳቸው እያቀበሉ ነበር።

ጥምጥሙን ዘረጋሁት። አፌ ግን አልከፈት አለ። ሰው ሁሉ ያየኛል።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ አባ ኢድሪስ።

«የአባቴ ነው።»

ከዚያ ወጣ። በገበያ ዐረብኛዬ፣ ቃል ሲጠፋኝ በአማርኛ፣ እትዬ ዘይነብ እያስተረጎሙልኝ፣ በሕይወቴ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ከበር እስከ ጓዳ ያለውን ልክ፣ ጓንግን፣ ድንጋዩን፣ በእጄ የቀለለውን ጨርቅ ነገርኳቸው። «ይህ ጨርቅ አዲስ አይደለም» አልኩ። «የሰው ራስ ያውቃል። ጸሎት ሰምቷል። የኛን ነው እንጂ።»

አባ ኢድሪስ ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱት። «ወንዙ አባትሽን መለሰላችሁ?»

«አልመለሰም።»

«እንግዲያው ይህ የእሱ ከፈን ነው። የሰው ከፈን አልወስድም።» መልሰው ዘረጉልኝ።

እጄን ወደ ኋላ ደበቅሁ። «አባቴን ማንም አላለበሳቸውም» አልኩ። «እርስዎን ላልብስ።»

እትዬ ዘይነብ ሊያስተረጉሙ ሲሉ ነጠላዬን ይዘው ዓይናቸውን ጠረጉበት። ከዚያ ተናገሩት።

አባ ኢድሪስ እግራቸውን ከመወጣጫው አወረዱ። ሾፌሩ ደግሞ ጡሩምባውን ነፋ። «ለዚያ ሰውዬ ንገሩት» አሉ ሳይዞሩ፣ «እንዲህ የሚቸኩል ከሆነ እሱም ዒማ ይግዛ።» ሎሪው ላይ ያሉት ሳቁ።

ጥምጥሙን እያዞሩ ሲያዩ መስቀሉ ላይ ደረሱ። አውራ ጣታቸውን አጠገቡ አሳረፉ እንጂ አልነኩትም። «መቀስሽ አለ?»

መቀሴ ሁልጊዜ በአንገቴ ላይ በክር ተንጠልጥላ ትውላለች።

«ይቺን ማዕዘን ቁረጪና ለእናትሽ ስጫት። ይህ የእሱ ነው። ሌላውን እኔ አደራ ወስጃለሁ።»

መዳፍ የምታህል ማዕዘን ቆረጥኩ። ለሁለተኛ ጊዜ በሁለት ቀን ውስጥ የሰው ከፈን መቁረጤ ነው። ይኼኛውን ግን ታዝዤ ነው።

መጀመሪያ የራሳቸውን አጭሩን ዒማ ጠመጠሙ። ከዚያ የአባቴን ጥምጥም አንሥተው አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጡኝ። «ያዢልኝ» አሉ።

እንዲህ ያድርጉ ያላቸው ማንም የለም። እኔ እንደነገርኳቸው እንኳ ረስቼ ነበር። ጫፉን ይዤ ወደ ኋላዬ ሄድኩ፤ ጨርቁ ተወጠረ። እሳቸው ይጠመጥማሉ፤ እኔ አንድ አንድ እርምጃ እቀርባለሁ። ገበያው ዝም ያለ መሰለኝ። ወንዙ ዳር የቆምኩ መሰለኝ፤ አሁን ግን ጨርቁ አልቀለለም፤ ከወዲያ ጫፍ ሰው ነበረበት።

«የየት አገር ልጅ ነሽ?» አሉኝ እየጠመጠሙ።

«የመተማ።»

«ኧረ! አያቴ እዚያ ነው የቀረው። ከናንተ ጋር ሲዋጉ። በዒማው ገንዘው ቀበሩት አሉ።»

«እኛ ስናለቅስ ድርቡሽ መጣ ይሉናል» አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

«እኛንስ? ሐበሻ መጣ ይሉን ነበር!» ሲስቁ ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። «ይኸው ሁለታችንም መጣን።»

ያን ጊዜ እርምጃው አለቀ። አጠገባቸው ነበርኩ። ጫፉን ከእጄ ለመውሰድ ጎንበስ ሲሉ ቀና አልኩ። ፊታቸውን አየሁ። በጉንጮቻቸው ላይ ሦስት ሦስት የድሮ ጭረት አለ። ቅንድባቸው ነጭ ነው። ግራ ዓይናቸው ላይ ስስ ደመና አለ፤ በሌላው ዓይናቸው ግን ትክ ብለው ያዩኝ ነበር፤ የቆየ ጎረቤት እንደሚያይ።

ሎሪው ሲሄድ ከሩቅ የሚታየኝ ትልቁ ጥምጥማቸው ብቻ ነበር። አቧራው እስኪውጠው ቆሜ አየሁት።

ከዚያ ወሬ የለም። በጋው አለፈ። ዝናብ መጣ፤ የገዳሪፍ ጭቃ ሎሪዎችን አስቀረ። እናቴ በየምሽቱ «ሰውየውስ?» ትለኛለች። «አልሰማሁም» እላለሁ። አንዳንዴ ሞተዋል ብዬ አዝናለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ የአባቴ ጥምጥም የማላውቀው አሸዋ ውስጥ ሲያርፍ ታይቶኝ ደስ ይለኛል፤ በደስታዬ አፍራለሁ።

ሰሊጥ ሲታጨድ፣ አንድ ቀን ሥራዬ ላይ እንዳለሁ ያ እግር ደጃፉ ላይ ቆመ። መርኩቡ አዲስ ነው፤ ተረከዙ ግን ያው ነው። ዘልዬ ወደ ላይ ወጣሁ። ራሳቸው ላይ ቆብ ብቻ ነው ያለው፤ እኔ ከዒማቸው ትርፍ የሰፋሁት ያ ቆብ። ዒማ የለም። የአባቴ ጥምጥምም የለም።

ከራሳቸው አንብቤ ገባኝ። ሳይነግሩኝ ገባኝ።

«ወንድሜ ሦስት ቀን ጠብቆኝ ሞተ» አሉ። «ተያይተናል፤ አልሐምዱሊላህ። እሱ ከእኔ ይረዝማል። ልጆች ሳለን ግመል ነበር የምንለው። የእኔ ዒማ ሳይቆረጥ እንኳ ለሱ አይደርስለትም ነበር። የራሴን ሳላጥፍ ከሥሩ አነጠፍኩ፣ የአባትሽንም ሳላጥፍ ከላይ አለበስኩት። እግሩ ድረስ ሸፈነው፤ ተርፎም ታሰረ።»

እትዬ ዘይነብ ወንበር አመጡላቸው። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ።

ያን ማታ ለእናቴ ነገርኳት። «ተቀበረ ማለት ነው» አለች። «ከሰው ጋር ተቀበረ።» በማግስቱ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ደጅ ተቀመጠች። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልወጣው እርም ወጣ። የሱዳን ሴቶች ቶባቸውን ተከናንበው መጥተው ምንጣፍ ላይ አብረዋት ተቀመጡ፤ ለማን እንደምታለቅስ የጠየቃት አልነበረም። ሣጥኗ ውስጥ አሁን መዳፍ የምታህል መስቀል ያለባት ማዕዘን አለች፤ ከሥሯ ደግሞ ከቆቡ የተረፈው የዒማ ቁራጭ። ሁለቱ ተደራርበው ተኝተዋል።

ይህን የምታነቡ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ አገር ማወቅ ምን እንደሆነ የሚያስተምር ትምህርት አልተማርኩም። ግን እላችኋለሁ፣ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የሱዳንን ራስ ሳይ ኖሬ ሱዳንን አላየሁም ነበር። ድርቡሽ ብለው ያስፈራሩኝ ጥምጥም ሞቱን ተሸክሞ የሚዞር፣ ሌላውን ሰው ላለማስቸገር መገነዣውን ከቤቱ ይዞ የሚወጣ ሰው ጥምጥም ነው። ይህን ያወቅሁት ቆርጬ ካበላሸሁት በኋላ ነው። ካለፈው የቀረኝ ፀፀት ይህ ነው፤ በአንድ ቃል መጠየቅ ስችል ስላፈርኩ መቀሱን አስቀደምኩ። ዓይነ አፋር የሆናችሁ ካላችሁ ዕወቁት፤ ዝምታ አንዳንዴ ጨዋነት አይደለም።

ያን ዕለት አባ ኢድሪስ ከወንበሩ ሲነሡ «በይ እንግዲህ፣ አዲስ ዒማ ቁረጪልኝ» አሉ። «አዲስ ጨርቅ አያውቀኝም ብዬ ነበር። ይልመደኝ እንግዲህ፤ ጊዜ ሰጥቶኛል።» ደጃፉ ላይ ያለው ምንጣፍ ላይ በጀርባቸው ተኙ፤ ዘንድሮ እየሳቁ። «ለኪኝ። ግን በዚህ ጊዜ እዪኝ።»

አየኋቸው። ከእግራቸው ጀምሬ፣ ጉልበታቸውን፣ ደረታቸውን፣ ጭረታቸውን፣ ደመናማውን ዓይናቸውን፣ እስከ አናታቸው ድረስ ሳልዘል አየኋቸው። ጨርቁን በሁለት አጥፌ ለካሁ። ከዚያ መቀሱን አንድ ክንድ ራቅ አድርጌ አሳረፍኩት።

«በዛ» አሉ አባ ኢድሪስ ከምድር ላይ ሆነው።

«ይሁን» አልኩ። «ከእርስዎ የሚረዝም ሰው ያጋጥምዎት ይሆናል።»

እስከ ዛሬ ዒማ ስቆርጥ ለሁሉም አንድ ክንድ እጨምራለሁ።